ሹመቴን የመለስኩ ሰሞን

መስከረም 22

ዝናቡ ቆሟል። መስኮት ከፍቼ ዋልኩ። ጠዋት ስብሰባ፣ ከምሳ በኋላ ስብሰባ። በመሃል የሁለት ሠራተኞች ጠብ ዳኘሁ… አንዱ ፀሐይ መታኝ ይላል፣ ሌላዋ በረደኝ። መጋረጃ ይገዛ ብዬ ፈረድኩ። የሶፍትዌር ክፍል ኃላፊ ማለት እንግዲህ ይሄ ነው።

ልወጣ ስል ከትልቁ አለቃ መልእክት ደረሰን። ሁላችንም፣ እኔም ጭምር፣ እስካሁን የሠራነውን ቁም ነገርና ለመጪው ጊዜ ያሰብነውን የግል ግብ ጽፈን እንድንሰጥ። "ለወግ ሳይሆን ከልብ" ይላል። ከልብ… እሺ።

መስከረም 25

ስለ ሠራሁት ጀመርኩ። ምን ልጻፍ? መጀመሪያ የመጣልኝ የአምቡላንሱ ፕሮግራም ነው። ሰው ሲደውል የትኛው አምቡላንስ ቅርብ እንደሆነ ለጥሪ ተቀባዩ የሚያሳየው። ከዚያ በፊት በሬዲዮ "ማን ቅርብ ነው? ማን አለ እዚያ?" እየተባባሉ ነበር የሚፈላለጉት። ሥራ የጀመረበት ቀን ትዝ ይለኛል። ከተቀባዮቹ ጀርባ ቆሜ፣ እጄን አፌ ላይ ጭኜ። የመጀመሪያው ጥሪ ደረታቸውን የወጋቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ስክሪኑ ላይ አንዷ አምቡላንስ አረንጓዴ ሆነች። ሄደች። ደረሰች። ሽማግሌው ተረፉ። ያን ቀን ምሳ መብላቴን ረሳሁ።

ሌላስ? ለደም ባንክ የሠራሁት አለ። እሱም የድሮ ነው።

ከተሾምኩ ወዲህስ? "ክፍሉን አስተባብሬያለሁ።" ውሸት አይደለም። ሰዎቼ ጥሩ ሠርተዋል፣ እኔም ክፉ አለቃ አልነበርኩም መሰለኝ። ግን የነሱን ላብ የኔ ብዬ መጻፍ… አልሆነልኝም።

ግብ ከሚለው ሥር ምንም አልጻፍኩም።

ጥቅምት 3

ውል ለማደስ ወደ አምቡላንስ ጥሪ ማዕከል ሄጄ ነበር። ንግግሩ ቶሎ አለቀ። እግረ መንገዴን አዳራሹን ልየው ብዬ ጎራ አልኩ።

የፈረቃ ኃላፊዋ ከሩቅ አወቀችኝ። ድምፀ ወፍራም ሴት፤ "ጄኔራሏ" ነው የሚሏት፣ እሷም ትወደዋለች።

"አንቺ! ጠፋሽ እኮ! ሹመት እንዲህ ያደርጋል?"

"ሥራ በዝቶብኝ ነው።"

"ለማን ያልበዛ? ነይ አንድ ነገር ላሳይሽ።"

አሳየችኝ። አንድ አደጋ ሲደርስ ብዙ ሰው ይደውላል። ፕሮግራሙ ግን እያንዳንዱን ጥሪ እንደ አዲስ አደጋ ነው የሚቆጥረው። ለአንድ ግጭት ሁለት አምቡላንስ ይሄዳል፣ ሌላ ሰው ደግሞ እየጠበቀ ነው። ይህ እንዳይሆን ተቀባዮቹ እጅ እያወጡ "ድልድዩ ጋ ያለው የኔ ነው! የኔ ነው!" እየተባባሉ ይጯጯሃሉ።

"ለእናንተ ክፍል አመልክተናል። ገና ባለፈው ሰሞን ነው" አለች። "ተራችንን እየጠበቅን ነው።"

ተራቸው ሩቅ መሆኑን አውቃለሁ። ሰዎቼ በሌላ ሥራ ተወጥረዋል።

ስመለስ መንገዱን አላየሁትም። ስለሱ ብቻ ሳስብ ቤት ደረስኩ። ኮድ ልጻፍ ብሎ እጄን በላኝ።

ጥቅምት 5

የዕረፍት ቀን። ላፕቶፔን ከፍቼ የድሮ ኮዴን ልይ አልኩ። መሣሪያው ሁሉ ተለዋውጧል። ፕሮግራሙን ማስነሳት እንኳ አቃተኝ! የወለድኩትን ልጅ ማወቅ አቃተኝ፣ እሱም እኔን። ሳቄ መጣ።

ባለቤቴ ጂኦግራፊ አስተማሪ ነው፤ የተማሪዎቹን ፈተና እያረመ ነበር። ቀና አለ።

"ምን ያስቅሻል?"

"የገዛ ቤቴን በር መክፈት አቃተኝ።"

"የሚከፍት ሰው ጥሪያ!"

ለቀልድ ነው ያለው። ግን ልክ ነው። ሥራ ስገባ እጠይቃለሁ። ግብ ካሉኝ እንግዲህ ይሄ ይሁን… ይህቺን ነገር በራሴ እጅ መሥራት። ማንንም ሳላዝዝ።

ጥቅምት 8

"ድመቷ"ን ጠየቅኳት። ክፍላችን ውስጥ ኮድ በመጻፍ የሚስተካከላት የለም። ድመት ያሏት ኮቴዋ ስለማይሰማ ነው፤ ድንገት ከጀርባ ብቅ ስትል ስንቱ ሻዩን ኪቦርድ ላይ ደፍቷል።

"እርስዎ ምን አደከመዎት? ለኔ ይስጡኝና ልሥራው" አለች።

"እኔ መሥራት ፈልጌ ነው።"

ትክ ብላ አየችኝ። የምቀልድ መስሏት ይሆን? ከዚያ ወንበር ሳበችልኝ።

"እንግዲያው እዚህ ይቀመጡ። ማውሱን ግን ይተዉትና በኪቦርድ ብቻ ይሥሩ፤ ማውሱ ነው የሚያዘገይዎት።"

ጥቅምት 16

የመጀመሪያውን ሥራዬን ላክሁላት። ፈንጠዝያ ላይ ነበርኩ። በአንድ አካባቢ፣ በተቀራረበ ሰዓት የመጡ ጥሪዎችን ፕሮግራሙ ራሱ አንድ ያደርጋቸዋል። በቃ፣ አለቀ ብዬ…

ከሰዓት መለሰችው። ዳር እስከ ዳር አስተያየት። ይሄ ስም ግልጽ አይደለም። ይሄ ድሮ ቀርቷል። ይሄ ሁለቴ ተጽፏል። መጨረሻ ላይ አንዲት ጥያቄ፦ "ሁለት የተለያየ አደጋ ቢሆንስ?"

ክው አልኩ። እውነቷን እኮ ነው። አንድ መንገድ ላይ ሁለት አደጋ ቢደርስ የኔ ፕሮግራም አንዱን ይውጠዋል። አንዱ ሰው መንገድ ዳር ተኝቶ ይጠብቃል፤ ማንም አይመጣለትም።

በሠራተኛዬ መታረሜ አመመኝ? ትንሽ። ግን የበለጠ ያመመኝ ሌላ ነው። የድሮዋ እኔ ይሄ አያመልጣትም ነበር። እጄ ዝጓል ማለት ነው? ወይስ ዓይኔ?

ጥቅምት 21

ዛሬም አልሆነም። ራስ ምታት።

ጥቅምት 28

ቸገረኝና ለጄኔራሏ ደወልኩ። "ሁለት ጥሪ ስለ አንድ አደጋ መሆኑን እናንተ በምን ታውቃላችሁ?"

"እንጠይቃለና! ምን ዓይነት መኪና ነው፣ ማን ተጎዳ፣ ከበስተኋላ ምን ይሰማል… አንዳንዴ ደግሞ ልብሽ ይነግርሻል።"

ልብን እንዴት አድርጌ ኮድ ላድርገው? ቆይ… ለምን ፕሮግራሙ ይወስናል? አይወስን። "እነዚህ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ" ብሎ ይጠቁም፣ ጎን ለጎን ያሳይ፣ ሰው ይፍረድ። ይሄን ካልኩ በኋላ ሌላው ሁሉ በራሱ መጣ። ኮዱ ራሱ አጠረ።

ድመቷ አንብባ አንድ ስም ብቻ አረመች። ከሷ ይሄ ምርቃት ነው።

ኅዳር 4

ትልቁ አለቃ አስጠራኝ። "ግብሽን አልጻፍሽም። አንቺ ብቻ ቀረሽ" አለኝ። ለካ ሌላም ጉዳይ ነበረው። ምክትሉ ሊያደርገኝ አስቧል።

"ወደ ኮድ መመለስ ነው የምፈልገው" አልኩት። ከአፌ ወጣ። እንዲህ በግልጽ ለራሴም ብዬው አላውቅም።

"ከምክትልነቱ ጎን ለጎን?"

"ከኃላፊነቱም ወርጄ።"

ብርጭቆውን አስቀመጠ። "ሰው መሰላል የሚወጣው ሊወርድ ነው?"

"ጣሪያ ላይ የሚያድር የለም እኮ።"

ሳቀ። ፊቱ ግን አልሳቀም። "ስሚኝ። አንዴ ከወረድሽ ቦታው ቁጭ ብሎ አይጠብቅሽም። እንደ ወንድም ነው የምነግርሽ።"

"አውቃለሁ።"

አውቃለሁ ወይ? ጊዜ ወስደሽ አስቢበት ብሎ ሸኘኝ።

ኅዳር 8

እናቴ ቤት። ከሌላ ሰው ብትሰማ ይብሳል ብዬ ነገርኳት። ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"አባረሩሽ?"

"አይ እማዬ። በራሴ ፈቃድ ነው።"

"ጤነኛ ሰው ራሱን በራሱ ይሽራል?"

ወንድሜ ከጓዳ ሆኖ ሰምቶ "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል!" እያለ መጣ። "እቴ፣ ሳትበይ ልትሻሪ ነው?"

"አንተ አፍህን ዝጋ" አለችው። ወደኔ ዞረች። "ለጎረቤት ምን ልበል? ልጄ ኃላፊ ናት፣ ልጄ አለቃ ናት እያልኩ…"

"ሥራ ቀየረች በያቸው።"

"ወረደች ነው እንጂ ምን ቀየረች!"

ስወጣ እስከ በር ሸኘችኝ። ሳትስመኝ ገባች። መንገድ ላይ ዓይኔ ረጠበ። ለሷ ክብር ስል መቆየት እችላለሁ እኮ። ስንቱ እንዲህ እየኖረ አይደል?

ለባለቤቴ "አንተስ ምን ትላለህ?" አልኩት።

"እኔ ምን አውቃለሁ" አለ። "ብቻ ያንን ፕሮግራም ከያዝሽ ወዲህ ዕቃ ስታጥቢ ታፏጫለሽ።"

እውነት? አላስተዋልኩም ነበር።

ኅዳር 18

አዲሱ ፕሮግራም ዛሬ ሥራ ጀመረ። ጥሪ ማዕከሉ አዳራሽ ከድመቷ ጋር ግድግዳ ተደግፈን ቆምን። ጠዋቱ ጭር ያለ ነበር።

ከዚያ ዋናው መንገድ ላይ አውቶቡስ ተገለበጠ። ስልኩ ሁሉ በአንዴ ጮኸ። ስክሪኑ "አንድ ይመስላል… አንድ ይመስላል" እያለ ይጠቁማል፣ ተቀባዮቹ እያጣሩ ያያይዛሉ። አንድም ሰው አልጮኸም። ጄኔራሏ ዞር ብላ ጠቀሰችኝ። ኩራት ቢጤ ተሰማኝ።

አንድ ጥሪ ደግሞ ገባ። ያው መንገድ፣ ያው ሰዓት። ፕሮግራሙ አንድ ይመስላል አለ። የተቀበለችው ልጅ ጣቷን ልትጫን ሰድዳ… ቆመች።

"አውቶቡሱ ይታይሃል?" አለችው ደዋዩን።

የሰውየው ድምፅ እኔ ድረስ ተሰማ። "የምን አውቶቡስ! ወንድሜ ነው፣ ከሞተር ወድቆ… ደሙ አልቆም አለ!"

"አይደለም" የሚለውን ተጫነች። ለብቻው አምቡላንስ ተላከለት።

ድመቷ ክንዴን ጨመቀችው። ሁለታችንም የምናስበው አንድ ነው። የመጀመሪያው ኮዴ ቢሆን ኖሮ ያ ሰው ከአውቶቡሱ ጋር ተቀላቅሎ ይቀር ነበር።

ከሰዓት ጄኔራሏ ሆስፒታል ደውላ አጣራችልን። ከሞተር የወደቀው ልጅ ብዙ ደም ፈሶታል፣ እግሩም ተሰብሯል። ግን ተርፏል።

መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ከፍርሃት ነው ከደስታ? ፊቴን ታጥቤ ወጣሁ።

ኅዳር 20

ለትልቁ አለቃ ቁርጡን ነገርኩት። ብዙ አልተከራከረም። በቦታሽ ማን ይሁን ሲለኝ ድመቷ አልኩት። ተስማማ።

እሷ ግን ስትሰማ ልትወድቅ ነበር። "እኔ እርስዎን ላዝዝ?!"

"መጀመሪያ አንቺ ማለት ተለማመጂ።"

ሞከረች። "አን…" ብላ ሳቋ አመለጣት። ከሰዓት ሲሆን ለመደችው። ያውም ከነቁጣው።

ታኅሣሥ 2

እናቴ ደወለች። ስለ ጉልበቷ፣ ስለሚያንጠባጥበው ቧንቧ አወራን። ስለ ሥራዬ ትንፍሽ አላለችም። እኔም አላነሳሁባት። ጊዜ ይፈታው ይሆናል… ወይም አይፈታው ይሆናል። መደወሏ በራሱ ጥሩ ነው።

ታኅሣሥ 14

አዲሱ ጠረጴዛዬ ፕሪንተሩ አጠገብ ነው። ሰው ሁሉ ወረቀቱን ሊወስድ ሲመጣ ሰላም ይለኛል።

ጠዋት ኃላፊዎቹ ተሰብስበው የመስታወቱን በር ዘጉ። ድመቷ በመሃላቸው፣ ግንባሯን ይዛ። እኔ ከውጭ። ያለ እኔ ሲመክሩ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። አንድ ሁለቴ ቀና ብዬ አየኋቸው። ሦስተኛ አላየሁም፤ ሥራው ይዞኝ ሄደ።

መናገር የማይችል ሰው እንዴት አምቡላንስ ይጠራል? መስማት የተሳነው፣ ወይ ድምፁ የተዘጋበት? በጽሑፍ ይጥራ። የዘንድሮ ግቤ ይሄ ነው። ጽፌም ሰጠሁ፣ በሁለት መስመር። ዛሬ የመጀመሪያው መልእክት ከስልኬ ተነስቶ ስክሪኑ ላይ ወጣ። ፊደሎቹ ተገለባብጠው! ከምሳ በኋላ ምክንያቱን አገኘሁት፤ ራሴ ነበርኩ ያበላሸሁት። አስተካከልኩት። "እርዱኝ" የሚለው ቃል ቀጥ ብሎ ወጣ።

ማታ ባለቤቴ ሾርባ እየቀዳ "ዛሬ ምን ሠራሽ?" አለኝ።

ነገርኩት። ሾርባው ቀዘቀዘ። አሙቆ አመጣልኝ። ቀጠልኩ።