ዘንገና እንደ ታና ዳር የለውም

ልጄ ሙሉቀን፣

ከቤት ከወጣህ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነህ። ቀኑን እየቆጠርሁ አይደለም፤ ቀኑ ራሱ እየመጣ ያስቆጥረኛል። የምጽፍልህ አንተው ባስተማርኸኝ ፊደል ነው። እጄ ዝግ ስለሚል አንዱን መሥመር ስጨርስ ይደክመኛል። ብትኖር ከጀርባዬ ቆመህ «እማ፣ ብዕሩን አትነቂው፤ ላላ አድርገሽ ያዢው» ትለኝ ነበር።

እህትህ ብርቄ ስድስተኛ ክፍል ገብታለች። ሐይቅ ዳር እንዳትደርስ ከልክያታለሁ፤ ልብስ እንኳ ከቧንቧ ቀድተን እቤት ነው የምናጥበው። ሰማያዊው ቁምጣህ ከምስማሩ አልወረደም። እኔ ፋብሪካ እገባለሁ፣ የተበጠሰ ክር ስቀጥል እውልና እወጣለሁ። እሁድ ቅዳሴ ሲያልቅ ልጅ የሞተባቸው እናቶች ወደ መቃብሩ ዘወር ይላሉ። እኔ የምዞርበት የለኝም። ትንሽ ቆሜ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ።

ስለዚያ ወረቀት ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለአንተ ልንገርህ።

ከክፍልህ ልጆች ጋር አገው ምድር ሄዳችሁ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ልትጎበኙ ነው ተብሎ፣ ወላጅ ይፈርም የተባለውን ወረቀት ይዘህ ስትገባ ፊትህ በርቶ ነበር። መሬት ከሆዷ እሳት ተፍታ ራሷን እንዴት እንደሸነቆረች፣ ጉድጓዱም ኋላ ውሃ ሞልቶት ዘንገና የሚባል ሐይቅ እንደሆነ፣ በሰፌዱ ጤፍ ላይ በጣትህ ክብ እየሠራህ አሳየኸኝ። ጤፉን አበላሸህብኝ ብዬ ተቆጣሁህ። ከዚያ ብዕር ሰጠኸኝ። ጎረቤቱ ሁሉ አውራ ጣቱን ቀለም ሲያስነካ፣ እኔ ማታ ማታ አንተ እያስጠናኸኝ ከመሠረተ ትምህርት በወጣሁ በወሩ አራቱን ፊደል አንድ በአንድ ለቅሜ ስሜን ጻፍሁ። የመጀመሪያዬ ነበር። አንተም ወረቀቱን ይዘህ በየጎረቤቱ ዞርህ። እኔም ኮራሁ።

በዚያ ኩራት ላይ ሆኜ ነው ያልሁህ። ውሃው ጥልቅ ነው ይላሉ ስትለኝ ሳቅሁና «የታና ልጅ ውሃ ይፈራል? ወገብህ ድረስ ግባና ቁም» አልሁህ።

እንደዚያ አድርጌ ነው ያሳደግሁህ። በእኛ ዳር ታንኳ የሚሠራበትን ደንገል አልፎ የገባ ልጅ ውሃው ከቁርጭምጭሚቱ ጉልበቱ፣ ከጉልበቱ ወገቡ እስኪደርስ ብዙ ይራመዳል፤ እግሩ ሥር ጭቃው ይሰማዋል። ወገቡ ጋ ሲደርስ ከቆመ ምንም አይሆንም። አራት ዓመት ሳይሞላህ እጅህን ይዤ ይህን አስተማርሁህ። ዋና አልተማርህም፤ የሚያስፈልግህም አልመሰለኝ።

በሄዳችሁ በማግስቱ ማለዳ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ከመምህራችሁ ጋር በሩን ሲመቱ፣ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ አወቅሁ። ፈልገው ፈልገው እንዳጡህ ኋላ ነገሩኝ።

ሙት ዓመትህን ካወጣሁ በኋላ ዘንገናን ሄጄ አየሁት። ኮሶበር ከአውቶቡስ ወርጄ በእግሬ ደረስሁ። ማማሩ አናደደኝ፤ ልደብቅህ አልችልም። እንደ እንስራ አፍ ክብ ነው፤ የጽድና የኮሶ ዛፉ ዙሪያውን እስከ ውሃው ወርዶ ከቦታል፤ ጦጣ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላል። ውሃው ግን ዝም ብሏል። ታንኳ የለበት፤ እንደ ታና ዓባይ ወጥቶ አይሄድበት። የገባበትን ይዞ ቁጭ ብሏል።

ከአፋፉ ላይ አያ ቸኮል የሚባሉ ሽማግሌ ፈረሳቸውን ያግጡ ነበር። ማን እንደሆንሁ ሳልነግራቸው ገባቸው፤ ጋቢያቸውን አንጥፈው አስቀመጡኝ። ያገሩ ሰው፣ በሐይቁ ቦታ ጥንት መንደር ነበር፤ በአንድ ቀን ከነሰዉ ከነከብቱ ሰመጠ ይላል አሉኝ። ልጅ አፉን ሲፈታ ጀምሮ ይህ ስለሚነገረው ወደ ውሃው አይጠጋም። እነሱ ልጆቻቸውን በፍርሃት ጠበቁ። እኔ ልጄን ፍርሃት ነሣሁት።

እርሳቸው ያን ቀን ከዚያው አፋፍ ላይ ነበሩ። የዛፎቹን ስም የጻፋችሁበት ደብተር ከአንዲት ልጅ እጅ አምልጦ ውሃ ላይ ወደቀ። ከዳሩ ትንሽ ነው የራቀው። ልጆቹ ተወው ሲሉህ ሱሪህን እስከ ጉልበትህ ጠቀለልህና፣ ታና ዳር ያደግሁ ነኝ፣ ወገቤ ድረስ ገብቼ እቆማለሁ አልሃቸው። ቃሉ የእኔ ነው። አያ ቸኮል ከላይ ጮኹልህ፤ ግን በድንጋጤ አማርኛው ከአፋቸው ጠፍቶ በአገውኛ ነው የጮኹት። ሰላምታ መስሎህ ቀና ብለህ እጅህን አነሣህላቸው።

«እቴ፣ ዘንገና እንደ ታና ዳር የለውም» አሉኝ። «ከመጀመሪያው እርምጃ ወዲያ ገደል ነው።»

ምን ብዬ እንደላክሁህ ነገርኋቸው። አላጽናኑኝም። እርሳቸውም በየገበያው የሚነግዱበት አማርኛ ለዚያች ለአንዲት ቃል መጥፋቱን ነገሩኝ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

ከመሄዴ በፊት ወደ ውሃው ወረድሁ። አንድ እግሬን አስገባሁ፤ ድንጋይ ረገጥሁ፤ ቅዝቃዜው አጥንት ይነካል። ሁለተኛውን ዘርግቼ በጣቴ መሬት ፈለግሁ። የለም። ብርቄ ትዝ አለችኝና እግሬን መለስሁ። አንተ ያልመለስኸውን እግር እኔ በመመለሴ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ከሞትህ ወዲህ ቀበሌ ስጠራ አውራ ጣቴን ነው የማስነካው። ፀሐፊው ትችይ አልነበረም ወይ ይለኛል፤ ረሳሁት እለዋለሁ። ይቅር በለኝ አልልህም፤ ወዲያው እሺ ትለኛለህ፣ እኔ ደግሞ እሺታህን አልችለውም። ደንገሉ አጠገብ ልጇን ስታራምድ ያየኋትን እናት ሁሉ ግን፣ ሌላው ውሃ እንደኛ አይደለም እላታለሁ። ያበደች ነው የምመስላቸው። ይምሰላቸው።

ስሜን ከዚህ በታች እጽፈዋለሁ፤ ከዚያ ወረቀት ቀጥሎ ገና ሁለተኛዬ ነው። ከእንግዲህ በአውራ ጣቴ አልፈርምም። ስሜን በጻፍሁ ቁጥር ያ ወረቀት ይታየኛል፤ ይታየኝ ብዬ ነው የምጽፈው፤ አንተም ከጀርባዬ ቆመህ ብዕሩን አትነቂው እንድትለኝ።

እናትህ፣
ጥሩነሽ