የመስቀል ተረኛ

ሐምሌ 14 ቀን 2007፣ ወልቂጤ

ዝናብ። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቼን ፈተና ሳርም ዋልኩ... ግማሾቹ ተኮራርጀዋል፣ ስህተታቸው ሳይቀር አንድ ነው።

ዘርፈሽዋል ደወለች። እህቴ ወደ ቡታጅራ በኩል አንድ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። የተረኛ ድልድል የነርሶቹን አለቃ፣ ሜትረኗን፣ እያሳበዳት ነው አለችኝ። ፍቆ መጻፍ፣ ደግሞ ፍቆ መጻፍ። "ያንተ ኮምፒውተር ይኼን እንኳ አይችልም፣ ያረጋል?" ለቀልድ ነው ያለችው። እኔን ግን ያዘኝ። ኮንስትሬይንት ፕሮግራሚንግ ማለት ይኼው አይደል እንዴ? ገደቦቹን ትነግረዋለህ፣ ሁሉንም የሚያሟላውን ድልድል ራሱ ፈልጎ ያመጣልሃል። ስንት ዓመት በሰሌዳ ላይ ብቻ ሳስተምረው!

ነሐሴ 11

ጤና ጣቢያው ሄድኩ። ከሥራ አስኪያጁ ጋር ገደቦቹን ጻፍን። ማታ ያደረ ጠዋት አይገባም። የበዓል ተረኝነት ለሁሉም እኩል ይዳረስ...

"የማን በዓል?" አልኩት።

"ሃይማኖት በመንግሥት ሥራ አይገባም፣ መምህር።"

እሺ አልኩ። ደስም አለኝ። ገደብ ሲያንስ ሥራው ይቀላል። ሻዬን ሳልጨርስ ፕሮግራሙ ድልድሉን አወጣው። ሜትረኗ ልትስመኝ ምንም አልቀራት።

መስከረም 4 ቀን 2008

ዘርፌ ደወለች። ሰላም እንኳ አላለችኝም። ዘንድሮ አረፋና መስቀል አንድ ሳምንት ውስጥ ገጥመዋል።

"ለአረፋ እረፍት ሰጥተኸኛል። ምን ልሥራበት? ለመስቀል ደግሞ ተረኛ ነኝ።"

ሸረፋ የተገላቢጦሽ ነው። የእንሴኖ ልጅ፣ አብሯት የሚሠራ ነርስ። ከተቀጠሩ ጀምሮ በአረፋ እሷ ትገባለታለች፣ በመስቀል እሱ ይገባላታል። ሌሎቹም እንደዚያው ናቸው። የትም አልተጻፈም። ስላልተጻፈ እኔም ለፕሮግራሙ አልነገርኩትም... ሙስሊምና ክርስቲያን ተጎራብቶ የሚኖርባት የቡኢ ልጅ ሆኜ!

"ታዲያ እንደ ልማዳችሁ ተቀያየሩ።"

"ተከልክሏል። ማኅተም ተመትቶበት ተለጥፏል።"

መስከረም 6

ሥራ አስኪያጁን ለመንኩት። ሰው በየበዓሉ እንዲያርፍ አንድ መስመር ብቻ ልጨምርበት አልኩ።

"ለዞን ምርጥ ተሞክሮ ብለን ልከነዋል። ኮምፒውተር ያወጣውን ሰው ከነካካው ምኑ ላይ ነው ዘመናዊነቱ? መቀያየር ደግሞ የኪራይ ሰብሳቢነት በር ነው።"

ኪራይ ሰብሳቢ! ዘርፌ! ስብሰባ አለብኝ ብሎኝ ወጣ።

መስከረም 13

አረፋ። ዘርፌ ሸረፋን ልትተካው ሄዳ ከበር መለሷት። እናቱ ወይዘሮ ከድጄ እንሴኖ ሲጠብቁት ዋሉ።

መስከረም 17፣ ቡኢ

ከአዲስ አበባ ያሉት ሳይቀሩ ሁሉም ገብተዋል። ዘርፌ ብቻ የለችም። አባባ ሲመርቅ የሷን ስም ሁለቴ ጠራ። እማዬ ጓዳ ጠራችኝ።

"ማን ነው የመደባት?"

"ኮምፒውተር ነው፣ እማዬ።"

"እሱ እናት የለውም?"

እኔ ነኝ ማለት አቃተኝ። ፈሪ። ክትፎዬን ሳልነካው ተነሳሁ።

የካቲት 2

ስለ ድልድሉ ፕሮግራም የጻፍኩት ጥናት ታተመ። ውጭ አገር ያሉ ተመራማሪዎች ከወዲሁ እየጠቀሱት ነው። ረዳት ፕሮፌሰርነቱም አይቀርም አሉ። ዲኑ አዳራሽ ውስጥ አስጨበጨበልኝ። "ወደ ማኅበረሰቡ የወረደ ምርምር!" አዎ ወርዷል። የት እንደወረደ እኔን ይጠይቁኝ።

ለዘርፌ ብነግራት "እንኳን ደስ ያለህ" ብላ ዘጋችው።

ሰኔ 20

ሥራ አስኪያጁ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። አዲሷ ሰፍያ ትባላለች። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና "ጨምርበት" አለች። ጨመርኩ። አዲሱን ድልድል ቁጭ ብዬ ሳየው... እነሱ ድሮ በቃል ሲያደርጉት የነበረው ራሱ ነው! ያን ሁሉ ደክሜ እነበሩበት መለስኳቸው። ቢሆንም ደስ ብሎኛል። ተስተካከለ።

መስከረም 2 ቀን 2009

አረፋ። ለሸረፋ ደውዬ እንኳን አደረሰህ አልኩት። ምስጋና ጠብቄ ነው፣ ለራሴ ምን ልዋሽ።

"ዘርፌ ገባችልህ አይደል?"

"ተመድባ ነው፣ መምህር። ሰሌዳው ላይ አየሁት።"

ለሷ ለምስጋና እንኳ ሳይደውልላት እንደ ዋለ ገባኝ።

መስከረም 18፣ ቡኢ

ዘርፌ ዘንድሮ መጣች፣ ተመረቀች፣ በላች፣ ሳቀች። ዛሬ ልትመለስ ስትነሳ እማዬ እንደ ዱሮው ለሸረፋ ጎመን ክትፎና አይብ በኮባ ቅጠል ጠቀለለች። የኛን ሥጋ ስለማይበላ ይኼ የሱ ድርሻ ነው።

"ተዪው፣ እማዬ።"

"ለሸረፋ እኮ ነው። የገባልሽ እሱ አይደል?"

"እሱ አልገባልኝም። ኮምፒውተሩ ነው የመደበው።"

ቁጣ እንኳ የለባትም። ቦርሳዋን አንግታ ወደ አስፋልቱ ወጣች።

እማዬ ጥቅሉን እንደያዘች ቆመች። ከዚያ መጥታ እኔ ፊት አስቀመጠችው።

"በል አንተ ብላው። የመደብከው አንተ አይደለህ?"

ለካ አምና ጓዳ ስትጠይቀኝም ታውቅ ነበር።

በላሁት።