ለተሸከማቸው ሰው የተተወ ቦታ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፣ ጀርሚስተን፣ ደቡብ አፍሪካ

ጸሐፊ ሆኜ የምሠራላቸው ነጭ ሽማግሌ ሻለቃ ዛሬ የጦርነት ትዝታቸውን ሲያስጽፉኝ ትረካቸው አንድ ወንዝ ጋ ደረሰ። ፈንጂ አለበት ብለው በጠረጠሩት መንገድ ጥቁር ወታደሮቻቸውን ያስቀደሙት እሳቸው ናቸው። ሲቆስሉ ከእነዚያው አንዱ ተሸክሞ አወጣቸው። ጓደኞቹን ሊያነሳ ሲመለስ ሞተ።

«ሲክስፔንስ ነበር የምለው፣ በሳንቲም ስም። እንደዚያ ብለሽ ጻፊ» አሉኝ።

«እውነተኛ ስሙስ?»

«የእነሱን ስም ማን ይችለዋል? ያንቺን እንኳ መጥራት አቅቶኝ ሜሪ እልሽ የለ?» ብለው ሳቁ።

እኔ መቅደላዊት ነኝ። እናቴ ለሞተ ሰው ጸሎት ስታስደርግ መጀመሪያ ለቄሱ የምትሰጠው ስሙን ነው።

«ስሙን ሲነግሩኝ እጽፋለሁ» አልኳቸው።

ሳቃቸው ቆመ። በከዘራቸው ወለሉን መቱት። «ጻፊ ካልኩሽ ጻፊ! ሌላ ጸሐፊ አላጣም!»

ጻፍኩ። ስሙ ጋ ስደርስ ግን ባዶ ቦታ ትቼ አለፍኩ። ዓይናቸው ስለደከመ አላዩኝም።

ከዚህ ሥራ ከወጣሁ የመኖሪያ ወረቀቴም አብሮ ይሄዳል። ነገ ደግሞ የጻፍኩትን ጮክ ብዬ ላነብላቸው ነው። እዚያ ቦታ ስደርስ ዝም እላለሁ። እሳቸው ይሙሉት።