ስለ አንዲት ትኩስ ድንች ለካያክ ቀዛፊዎች ማኅበር ሊቀመንበር

ለክቡር ሚስተር ፊንባር ላቬል፣
የረጅም ጉዞ ካያክ ቀዛፊዎች ማኅበር ሊቀመንበር፣
ደብሊን

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ፣ ወንበርዎ እንዳይቆረቁርዎ፣ በቢሮዎ መስኮትም ንፋስ እንዳይገባብዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ታይግ ማክሂው እባላለሁ፤ ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው፤ የኢኒሽዶርካ ደሴት ሸርጣን አጥማጅ ነኝ፤ ማንበብም መጻፍም አልችልም። ይህን ቤቴ መጥታ የምትጽፍልኝ የፖስታ ቤታችን ዴሊያ ናት፤ ቃሌን እንዳታለሰልስብኝ አስምያታለሁ።

እርስዎ ለብሮና ጊልስፒ የላኩላትን፣ ጋዜጣ ላይ የወጣውን ደብዳቤ ዴሊያ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። ልጅቷ ሰው እስከ ወገቡ ተጣብቆ በሚቀመጥባት፣ ካያክ በሚሏት በዚያች ጠባብ ታንኳ፣ ብቻዋን፣ አየርላንድን በባህር ዞራ በሃያ አራት ቀን ጨርሳለች፤ ይኸውም አስራ ዘጠኝ ዓመት ማንም ያልነካውን የእርስዎን የራስዎን ክብረ ወሰን በአንድ ቀን ተኩል ይቀድማል። እርስዎ ግን «ያለ ማንም እርዳታ» የሚለውን ሕግ ጥሳለችና አይመዘገብላትም ብለዋል። ጥሰቱም በአስራ ስድስተኛው ቀን ከአንድ ሽማግሌ እጅ አንዲት የተቀቀለች ድንች ከነቅቤዋ መቀበሏ ነው። ሽማግሌው እኔ ነኝ። ስለዚህ ወንጀለኛው የሚከተለውን በትሕትና ያቀርባል።

አንደኛ፣ ልጅቷ ድንች አልለመነችኝም። ጥቁሯ በግ ከምንላት ቋጥኝ ወዲህ፣ የባህሩ ፍሰት እስኪዞርላት ካያኳ ውስጥ ተቀምጣ በብርድ ስትንቀጠቀጥ አይቼ ድንች ይዤ ወረድኩ።

«አባባ፣ አይሆንም! ሕጉ ይከለክላል» አለችኝ።

«ሕጉ ርቦት ያውቃል?» አልኳት።

«ሽቅድምድም ላይ ነኝ እኮ!»

«አንቺ ልጅ፣ ከማን ጋር ነው የምትሽቀዳደሚው? እኔ ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ቆሜ አንድም ሰው ሲከተልሽ አላየሁም። በይ፣ በሞቴ!»

በሞቴ ከተባለ ወዲያ ምን ታድርግ? እየሳቀች በላች። «ይሄን ግን መጻፍ አለብኝ» ስትለኝ፣ «ጻፊው፤ ቅቤውንም እንዳትረሺ» አልኳት። ቅቤውንም አልረሳችም። በዚህ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ሁለተኛ፣ ከእኔና ከአንድ እርግብ በቀር ማንም ያላየውን ነገር ራሷ ጽፋ ላከችልዎ። ባትጽፈው ኖሮ ዛሬ ስሟ በመዝገባችሁ ውስጥ ነበር። እውነት የተናገረ ቀዛፊ ቅጣት እንደሚገባው ስላስተማሩን ደሴታችን በሙሉ ያመሰግንዎታል፤ ቄሳችን እስካሁን ተቃራኒውን ነበር የሚነግሩን።

ሦስተኛ፣ ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። በኢኒሽዶርካ ከባህር የመጣ ሰው እጁ ላይ የሞቀ ነገር ሳይቀመጥ ስሙ እንኳ አይጠየቅም። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ አንድ ጎረምሳ እንዲህ ባለ ካያክ ሲመጣ ጉም ውጦት አገኘሁት፤ በጀልባዬ ገመድ አስሬ፣ ጥቁሯን በግ አዙሬ አራት ማይል ጎተትኩት። ሁለት ሌሊት ምድጃችን አጠገብ ተኛ፤ ባለቤቴ ሶርካ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ዓሣ እየጠበሰች አበላችው። ስሙን አልጠየቅነውም፤ እሱም አልነገረንም። ሲሄድ «ለማንም ባትነግሩብኝ» አለን፤ ያፈረ መስሎን ዝም አልን። የግራ እጅ ጓንቱን ረስቶ ሄዷል፤ ይኸው ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ሶርካ «ባለጓንቱ አንድ ቀን ይመጣል» እያለች በየፋሲካው ታጥበው ነበር። ያ ልጅ የት እንደ ደረሰ አላውቅም፤ በእርስዎ ማኅበር እጅ እንዳልወደቀ ግን ተስፋ አደርጋለሁ፤ ለአንዲት ድንች እንዲህ ከሆነ፣ ለዓሣውማ ያሳስሩት ነበር።

ክቡር ሆይ፣ ብሮና ሁለተኛ አልቀዝፍም ብላ መቅዘፊያዋን ሰቅላለች አሉ። ለእኔ ግን ካርድ ላከችልኝ፤ ዴሊያ እንዳነበበችልኝ «አባባ ታይግ፣ እርስዎ አይዘኑ፤ ከሃያ አራቱ ቀን የማልረሳው ያንን ድንች ነው» ይላል። እኔ ግን አዝኛለሁ። በሰማንያ አንድ ዓመቴ ሰው አብልቼ ሰው ስጎዳ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ስለዚህ ለድንቹ የፈለጉትን ያህል ሰዓት ይቀጧት፤ ግማሽ ቀን ይጨምሩባት፣ ለቅቤውም ሌላ ሩብ። አሁንም ትቀድማለች።

ትእዛዝዎን ለመስማት ምንጊዜም ዝግጁ የሆንኩ፣ ለማንበብ ግን የማልችል፣ የድንች ወንጀለኛዎ፣

ታይግ ማክሂው
(በገዛ እጄ መስቀል አኑሬበታለሁ)

ግልባጭ፦ ለጋዜጣው፤ እርስዎ ባያነቡት ሌላው ያንብበው ብዬ።

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤው ካለቀ በኋላ ዴሊያ ተነሥታ ጓንቱን ገልብጣ አየችው። በውስጥ በኩል፣ አንጓው ላይ፣ በቀይ ክር የተሰፋ ነገር አለበት፤ ፊደል የማናውቀው እኔና ሶርካ ይህን ሁሉ ዘመን ጌጥ መስሎን ነበር። ለካስ ስም ኖሯል። ዴሊያ ስሙን አነበበች፤ ከዚያ እዚህ ደብዳቤ አናት ላይ ራሷ የጻፈችውን ስም አየች፤ ከዚያ ቀስ ብላ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

ክቡር ሆይ፣ እንኳን በሰላም ደረሱ። ሶርካ ብትሰማ ደስ ይላት ነበር። ጓንትዎን ግን በፖስታ አልልክም፤ ራስዎ መጥተው ይውሰዱ። ሲመጡ ብሮናን ይዘዋት ይምጡ፤ መዝገቡንም እንዳይረሱ። ድንች ጥጄ እጠብቃችኋለሁ።