የተተረተረው ስፌት

ለታናሽ እህቴ፣

ቀሚስሽን ቀደደች ብለው ነግረውሻል አሉ። ሐሰት ነው። አልቀደድኩም፤ ስፌቱን ተረተርኩ። ዕድሜ ልኬን ልብስ ስፌት ሳስተምር ኖሬ ልዩነቱ አይጠፋኝም። አንቺም አይጠፋሽም፤ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ።

ለመሆኑ ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዲላ ገብተሽ ሆቴል ማረፍሽን የሰማሁት ከሰው ነው፤ ቤቴ የት እንደሆነ ጠፍቶሽ እንዳይሆን።

ሙዚየሙ የዕድሜ ልክ ሥራሽን ደርድሮታል። በሽቦ የቆመውን፣ እንደ መስተዋት የሚያበራውን፣ ሰው ጨረቃ ላይ ሲሰፍር ይለብሰዋል ያልሽውን ሁሉ አንድ በአንድ አየሁ። ስፌትሽ ንጹሕ ነው፤ ይህን አልነፍግሽም። መጨረሻ ላይ የሩሃማ የሠርግ ቀሚስ ቆሟል፤ ያ ከእንሰት ቃጫ ሠርተሽ በሙጫ ያደረቅሽው። ከሥሩ የተለጠፈው ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ “ለእህቴ ልጅ። የነገዋ ሴት አትቀመጥም፤ ሙሽራዋም ቀኑን ሙሉ ቆማ ዋለች።”

ተቀምጣለች። ፓስተሩ ስብከቱን ሲያስረዝሙት ልጅቷ ልትወድቅ ደረሰች፤ ከኋላዋ ተንበርክኬ ስፌቱን የከፈትኩላት እኔ ነኝ። ያንን የከፈትኩትን መልሰሽ ሰፍተሽዋል። ስለዚህ እንደገና ከፈትኩት። ዘበኛው የድሮ ተማሪዬ ነው፤ “ኧረ ቲቸር፣ ምን እያደረጉ ነው?” ቢለኝ፣ “እያረምኩ” አልኩት።

ያን ቀሚስ ስትሰፊ የልጅቷን ልክ አልጠየቅሽኝም። በራስሽ ገላ ለክተሽ ላክሽው። ትከሻው ሳይጨመር ሳይቀነስ ልክክ አለላት። ጎረቤቴ ጽጌማርያም፣ “ትከሻ ደግሞ ከአክስት ይወረሳል እንዴ?” ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ያስማልሽኝን እስከ ዛሬ ጠብቄአለሁ፤ “እማዬ” ባለችኝ ቁጥር “ወይ” ብያለሁ። “ለእህቴ ልጅ” የሚለውን ግን በመቀስ ማረም አልችልም። እሱ ያንቺ ሥራ ነው።

እግዚአብሔር ዕድሜሽን ያርዝምልሽ፤ ከዕድሜው ጋር ድፍረቱንም ይስጥሽ። ይህችን ደብዳቤ የሙዚየሙ አስጎብኚ ሳሮን ዛሬውኑ ታደርስልኛለች።

ነገ መጀመሪያ መናኸሪያ ወርጄ ከቡሌ የምትመጣውን ሩሃማን እቀበላለሁ። ቁርስ አበላታለሁ። ከዚያ ቀሚሷ ፊት አቁሜ ጽሑፉን ጮክ ብዬ አነብላታለሁ፤ “ለእህቴ ልጅ” የሚለው ጋ ስደርስ አንቺ ትገቢ እንደሆነ ወደ በሩ አያለሁ።

ታላቅ እህትሽ