ለባለመስመሮቹ የሚስማማ ጓደኛ

ውድ የሚጡ እናት፣

እህትሽ ልጅሽን ልትወስድ ትናንት መጥታለች። አሁን ጠዋት ነው፤ ሁለቱም ሚጡ ክፍል ተኝተዋል፣ ባልሽም (ባላችን ልበል ይሆን?) ወጣ ብሏል። ሲነሱ ምን እንደሚሉኝ ስለማላውቅ እጄ ሥራ ፈልጎ ይኸው ብዕር አነሳ። በሕይወት ሳለሽ አልተዋወቅንም፤ በዚህ ጉዳይ ግን ከአንቺ የሚቀርበኝ ሰው አጣሁ።

ነገሩን የለኮሰው አኳሪየምሽ ነው። አንቺ ካረፍሽ ወዲህ ባለመስመሮቹ ዓሦችሽ እያለቁ ሦስት ብቻ ቀርተዋል። እነሱም ከመስታወቱ ወዲያና ወዲህ እየተባረሩ ሲነካከሱ ይውላሉ። ሚጡ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቀድማ ሰላም የምትለው እነሱን ነው፤ እኔን እንደ ልብስ መስቀያ ታልፈኛለች። እናም በዓሣ ልለማመጣት አሰብኩ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ዓሣ ቤት ብገባም ዓይኔ የሚፈልገው ጨርቅ ነው። ጭራው እንደ ሙሽራ ቬሎ የሚዘናፈል ቀይ ዓሣ አየሁ፣ ደግሞ ከሳሎኑ መጋረጃ ጋር ሲሄድ! ከእነማን ጋር እንደሚኖር አልጠየቅኩም፤ ሻጩም አላነሳልኝም። ቤት አምጥቼ ገንዳው ውስጥ ለቀቅኩት። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው ለእኔ ነው።

ሚጡ ስትገባ ያ ቬሎ ተቦጫጭቆ ክር ሆኖ ነበር።

«ማን ጠየቀሽ?» አለችኝ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው ያለችኝ። «ባለመስመሮች ረጅም ጭራ ካዩ ይነክሳሉ። እናቴ ብትኖር ይሄን አታደርግም ነበር።»

ቀዩን ዓሣ በመረብ አወጣችና ለብቻው በሰፊ የብርጭቆ ዕቃ አኖረችው። ቀጥላ ለእህትሽ ደወለች። አባቷ «ልጅ ናት፣ ይወጣላታል» ብሎ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አደረገ። መቼም ታውቂዋለሽ፤ ቤት ቢቃጠል ጭሱ እስኪያልፍ ልጠብቅ የሚል ሰው ነው። እህትሽ ግን እኔን በስልክ አስጠርታ «ቅዳሜ እመጣለሁ፤ ልጃችን የእንጀራ እናት መለማመጃ አይደለችም» አለችኝ። ቃሉን ዋጥኩት፤ ግን አልወረደልኝም።

ትናንት ማለዳ የሚጡን በር አንኳኳሁ። ሻንጣዋ ተዘግቶ አልጋዋ ላይ ተቀምጧል።

«ከሄድሽም ሂጂ» አልኳት። «ከመሄድሽ በፊት ግን ለዓሦቹ የሚስማማ ጓደኛ ምረጪላቸው። እኔ እንደሆንኩ አልቻልኩበትም።»

ጫማዋን አጥልቃ ተከተለችኝ።

ዓሣ ቤት ስትገባ ሌላ ሰው ሆነች። ሻጩን «ይሄ ሲያድግ ምን ያክላል? የሚዋኘው ከላይ ነው ከታች? ሞቅ ያለ ውሃ ይወዳል?» እያለች ታፋጥጠው ጀመር። እኔ አንድ ዝምተኛ፣ ብርማ ዓሣ በጣቴ ባሳያት፣

«እሱን ይጨርሱታል።»

ከታች አሸዋውን የሚጠርገውን ባለ ጢም ባሳያት፣

«እሱስ ደህና ነው። ግን እነሱ መናከሳቸውን አይተዉም።»

ሻጩ ጭንቅላቱን አከክ አከክ አደረገና «ለመሆኑ ስንት ባለመስመር ነው ያላችሁ?» አለ።

«ሦስት።»

«ሦስት ብቻ? ታዲያ ምን ያድርጉ! እነዚህ እኮ ካልበዙ አይሆንላቸውም። ወገናቸው ሲያንስ ይከፋሉ፤ ያገኙትን ይነክሳሉ። ሌላ ዘር ከመጨመራችሁ በፊት የራሳቸውን ጨምሩላቸው። እርስ በርስ ሲሯሯጡ ይውሉና ሌላውን የሚነኩበት ጊዜ አይኖራቸውም።»

ሚጡ ራሷ እየመረጠች ተጨማሪ ባለመስመሮች አስወጣች። አዲሶቹን በላስቲክ ከረጢት ይዘን ወጣን። መንገድ ልንሻገር እንደቆምን መኪናዎቹን እያየች፣ «እኛ ቤት ስሟን የሚጠራ የለም» አለችኝ። «አባዬ አንቺን እንዳይከፋሽ ብሎ ነው። አክስቴም ከሰርጋችሁ ወዲህ መጥታ አታውቅም።»

እውነቱን ልንገርሽ፤ ስምሽ አለመጠራቱ ደስ ይለኝ ነበር። ቤቱ የእኔ የሆነ ይመስለኝ ነበር። ለካ ልጅቷን ብቻዋን ነው ያስቀረናት። እዚያው መንገድ ዳር እንባዬ መጣ፤ እሷ ግን መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን እጄን ጎትታ አሻገረችኝ።

ቤት ስንደርስ እህትሽ ሳሎን ቆማለች። ሰላምታ እንኳ በወጉ ሳንለዋወጥ ሚጡ ከረጢቱን ገንዳው ላይ አንሳፈፈችው፤ የሁለቱ ውሃ ሙቀት እስኪመሳሰል ይጠበቃል። እህትሽ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ጠበቀች። እኔም ቆሜ፣ ባላችንም ቆሞ፣ ቀብር የመጣን እንመስል ነበር። በመጨረሻ ሚጡ ከረጢቱን ፈታችና ዓሦቹን ለቀቀቻቸው። ሦስቱ ነባሮች ተወረወሩ።

«ኧረ ሊፈጇቸው ነው!» አለች እህትሽ።

ማን ማንን እንደሚያባርር አይለይም፤ ብቻ ገንዳው ታመሰ። ከዚያ እየዞሩ፣ እየተጋፉ፣ አንድ ላይ መዋኘት ጀመሩ። የተነከሰ አልነበረም።

ለእህትሽ ያዘጋጀሁትን መልስ ሁሉ ተውኩት። «እትዬ» አልኳት፣ «እሄዳለሁ ካለች አልከለክላትም። እርስዎ ግን አይቅሩብን። የእህትዎ ቤት ነው፤ ልጆችዎንም ይዘው ይምጡ። ስለ እሷም ይንገሩኝ፤ እኔ ምንም አላውቅም።»

እህትሽ ትክ ብላ አየችኝ። የመለሰልኝ ግን ባላችን ነው። እሱ! ስምሽን ጠራ። ያኔ አንዱን ወፍራም ዓሣ በቤት አከራያችሁ ስም እየጠራሽ፣ ምግቡን እየሰጠሽ ስትሰድቢው፣ አከራይዋ በሩ ላይ ቆመው እንደሰሙሽ አወራ። እህትሽ ሳቋ አመለጣት። ሚጡማ ወንበሩ ላይ ተንከባለለች። ስትስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ሲመሻሽ እህትሽ «መንገዱ ጨልሟል» ብላ አደረች እንጂ «ትቼዋለሁ» አላለችም። እኔም መጠየቅ ፈራሁ።

እዚህ ላይ ስደርስ በር ተከፍቶ ብዕሬን አስቀምጬ ነበር። የመጣችው ሚጡ ናት። የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን ከሻንጣው አውጥታ ይዛለች። ስፌት መኪናዬ ላይ አኖረችውና «ጫፉ ተተርትሯል» አለችኝ። ልብስ ሰፊ ቤት ተቀምጣ ለካ በመርፌ ቁልፍ ይዛው ነው የከረመችው።

«ለነገ ታደርሺልኛለሽ?»

«ለነገ?» አልኳት።

«ነገ ሰኞ አይደል እንዴ?» ብላኝ ዓሦቹን ልታበላ ሄደች።

ልጨርስ፤ ሥራ አለብኝ። ከእንግዲህ ስምሽ በዚህ ቤት ይጠራል። እየቀናሁም ቢሆን እጠራዋለሁ።

ያንቺዋ፣
ልብስ ሰፊዋ