ሱምያ የለካችው ደንገል

ይድረስ ለአባቴ ለመሪጌታ ኪዳነ ወልድ፣ ድሬዳዋ።

አባባ፣ እንዴት ሰነበቱ? የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዞዎታል? ጉልበትዎስ ማሕሌት መቆሙን ቻለልዎት? እማዬስ፣ ያ ሳል ተዋት? ድምፃችሁን በስልክ ብሰማም በስልክ ለመናገር ያፈርሁበት ነገር ስለገጠመኝ ብዕር አነሣሁ። እኔ ቸሩ አምላክ ይመስገን፣ በአካል ደህና ነኝ፤ ኅሊናዬ ግን ታሞ ከርሟል።

ዘንድሮ ስድስተኛ ክፍል ሳይንስ እንደማስተምር ነግሬዎታለሁ። ሰሌዳ ላይ ጽፌ ማስገልበጡን ቀንሼ፣ ልጆቹ በቡድን ሆነው በእጃቸው እየሠሩ፣ እየለኩና እየመዘገቡ እንዲማሩ ማድረግ ጀምሬያለሁ። እኛ ፕሮጀክት እንለዋለን። ለእርስዎ እንኳ አዲስ አይሆንብዎትም፤ የቅኔ ተማሪዎ የትናንቱን ቢደግምልዎት መች ይቀበሉት ነበር? የራሱን ቅኔ ቆጥሮ እንዲመጣ ያደርጉት የለም?

ስለ መንሳፈፍ ስንማር ልጆቹ ከደንገል፣ ጣና ዳር ከሚበቅለው ቄጠማ መሰል ተክል፣ ትንሽ ታንኳ ሠርተው ሳፋ ውስጥ አንሳፈፏት። እኔም «ደንገል ከውኃ ስለሚቀል ምንጊዜም አይሰምጥም» አልሁ። ሱምያ የምትባል ልጅ እጇን አወጣች። አባቷ ታንኳ ሠሪ ናቸው፤ በዚህ የተነሣ አንዳንዶቹ ልጆች አጠገቧ መቀመጥ አይወዱም። «ቲቸር፣ ደንገል እኮ ውኃ ይጠጣል። ታንኳ እየወጣ ካልደረቀ ይከብድና ይሰምጣል» አለች። ሰዓቱ ሊያልቅብኝ ነበርና «የሰፈር ወሬ ተይና መጽሐፍሽን አንብቢ» አልኋት። ክፍሉ ሳቀ። አንዳርጋቸው የሚባል ልጅ ከኋላ «የታንኳ ሠሪ ልጅ!» ብሎ ጮኸ። አባባ፣ ሰምቼ ዝም አልሁ። በማግስቱ ሱምያ አልመጣችም፤ በሠልስቱም እንዲሁ።

በሳምንቱ ልጆቹ ሳፋው ውስጥ የሰነበተችውን ታንኳ አውጥተው መዘኗት። ሚዛኑን የተዋስነው በራችን ላይ ሽንኩርት ከምትሸጥ ሴት ነው። መጀመሪያ ሳፋ ውስጥ ሳትገባ ስንመዝናት ስምንት መቶ ግራም የነበረችው አንድ ኪሎ ከሦስት መቶ ሆናለች። እንደገና መዘኑ፤ ያው ነው። ሁሉም ዞረው እኔን አዩ። አንዳርጋቸው አንገቱን ደፍቶ «ሱምያ ብላ ነበር እኮ» አለ።

ያን ቀን ከሥራ እንደወጣሁ ሐይቁ ዳር ወዳለው የሱምያ ቤት ሄድሁ። አባቷ አቶ ሙሀመድየሱፍ መሬት ላይ ተቀምጠው ደንገል ያስራሉ። «ትምህርት አልፈልግም አለች፤ ምክንያቱን ብጠይቃት አትነግረኝም» አሉኝ። ምክንያቱ እኔ መሆኔን፣ ያልሁትንም አንድ ቃል ሳላስቀር ነገርኋቸው። እጃቸው ቆመ። «እኔ ልጄን ትምህርት ቤት የላክኋት እንደኔ ዕድሜዋን ጭቃ ውስጥ ቆማ እንዳትጨርስ ነው። እርስዎ ደግሞ በእኔ ሥራ አሣቁባት» አሉ። ይቅርታ ጠየቅኋቸው። እሳቸው ግን «ይቅርታውን እሷን ይጠይቁ» ብለው ወደ ጓሮ አመለከቱኝ።

ሱምያ ደንገል ፀሐይ ላይ ታሰጣለች። በድዬሻለሁ፣ ልክ የነበርሽው አንቺ ነሽ አልኋት፤ ታንኳዋ ምን ያህል እንደከበደችም ነገርኋት። ታለቅሳለች ወይ ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ «ስትሠሯት ደንገሉ እርጥብ ነበር ወይስ ደረቅ?» አለችኝ። አላውቅም አልሁ። «የሁለቱ አጠጣጥ እኮ አንድ አይደለም። ሁለቱንም መመዘን ነበረባችሁ» አለችና ሥራዋን ቀጠለች። እመለሳለሁም አልመለስምም አላለችኝ።

ሰኞ ጠዋት ግን አንድ እርጥብ፣ አንድ ደረቅ የደንገል እስር ተሸክማ መጣች። በልጆቹ ፊት ቆሜ ተሳስቼ እንደነበር፣ በእሷም ላይ ማሣቄ በደል እንደሆነ ተናገርሁ። አንዳርጋቸውም ይቅርታ ጠየቃት፤ አጠገቧ ለመቀመጥ ግን ሁለት ቀን ፈጀበት። ሁለት ልጆች ዛሬም ርቀው ይቀመጣሉ፤ ይህን ገና አልፈታሁትም። ርዕሰ መምህሩም ምዕራፉ ወደ ኋላ ቀረ ብለው ገሥጸውኛል። እውነታቸውን ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እያስተማርሁ አካክሳለሁ።

ከዚያ ወዲህ ቡድኑን የምትመራው ሱምያ ናት። ሁለት ታንኳ ሠርተው በየጠዋቱ እየመዘኑ ውጤቱን ግድግዳ ላይ ይጽፋሉ። ባለፈው ዓርብ ወላጆችን ጠርተን ነበር። የትምህርት ቤቱን ግቢ ረግጠው የማያውቁት አቶ ሙሀመድየሱፍ መጡ፤ ወንበር ብሰጣቸው እንቢ ብለው በር ላይ ቆሙ። አንድ ወላጅ ዞር ብለው «ለመሆኑ ታንኳ ስንት ቀን ቢደርቅ ነው የሚበጀው?» ሲሉ ጠየቋቸው። እሳቸውም «እኔ ማሰሩን ነው የማውቅ። የለካችው እሷ ናት፤ እሷን ጠይቁ» አሉ። ከዚያ ገብተው ከፊት ወንበር ተቀመጡ።

አባባ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ይህን ልንገርዎት ብዬ ነው። እንደ አባትም እንደ መምህርም ይገሥጹኝ። እርስዎም ተማሪ በድለው የሚያውቁ ከሆነ እንዴት እንደካሡት ይጻፉልኝ።

እማዬን ጉልበቷን ይሳሙልኝ፤ ሳሉ ካልተዋት ሐኪም ቤት ሳትሄድ እንዳትቀር። ወንድሜ መርስዔ ኀዘን ለፈተናው እንዲበረታ፣ እኅቴ ርሆቦትም የላከችልኝ ነጠላ በጣም እንዳማረብኝ ይንገሩልኝ። ደጅ የሚጠኑትን ተማሪዎችዎን ሁሉ እጅ ነሥቻለሁ። ጸሎትዎ አይለየኝ።

ልጅዎ ጽጌ ማርያም
ባሕር ዳር፣ የካቲት 9 ቀን 2015 ዓ.ም.